ከአጣዬ የመጣች መኪና

ባለቤቴ የመኪና ዕቃ በቅመም ሚዛኔ ላይ ያስቀመጠ ዕለት ልጣላው ፈልጌ አቅም አጣሁ። ከገበያ መመለሴ ነበር። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሰውን ምን እንደምታደርግ የቀመሰ ያውቀዋል። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልወልቅ ብሎኝ በረንዳው ላይ ዘፍ ብያለሁ። እሱ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የምመዝንባትን ትንሽ ሚዛን ከዘንቢሌ አወጣና፣ በቤንዚን የታጠበ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ብረት ጫነባት።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኩት።

"ቢዬላ ነው። ፒስተኑን ከታች ይዞ ወደ ላይ ወደ ታች የሚለው ክንድ። አራት ናቸው፤ አራቱም እኩል መክበድ አለባቸው።"

"ነገ ደንበኛ ኮረሪማሽ ቤንዚን ቤንዚን ይላል ብትለኝስ?"

"አጥብልሻለሁ።"

በየትኛው እጅህ ልለው ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ መለስኩት።

አጣዬ ሳለን ጋራዥ ነበረው። ከተማዋ በተኩስ መሐል የተቃጠለች ጊዜ፣ ነፍሳችንን ይዘን ከወጣን በኋላ፣ "የመሣሪያ ሳጥኔን ላውጣ" ብሎ ተመለሰ። ሳጥኑን አወጣው። የሳጥኑ ብረት እጀታ ግን ግሎ ስለነበር የቀኝ መዳፉን ይዞት ቀረ። ቁስሉ ሲሽር ቆዳው ተኮማተረና ሦስት ጣቶቹን ወደ ውስጥ ጎተታቸው። መፍቻ ያነሳል፣ ግን አጥብቆ አይዝም። ሞረድ ሲይዝ ሞረዱ መዳፉ ውስጥ ይዞርበታል። ካገባሁት ጀምሮ ሞተር ሲያወርድና ሲሰቅል የማውቀው ሰው፣ ሸዋ ሮቢት ቤት ተከራይተን ከገባን ወዲህ ሥራው በረንዳ ላይ ተቀምጦ አስፋልቱን ማዳመጥ ሆነ። ወደ ደሴ የሚሄደውን፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውን መኪና ሳያይ በድምፁ ይለያል። "ያ ሰውዬ ሳይርቅ ቢቆም ይሻለዋል፣ ሞተሩ እየተጨነቀ ነው" ይለኛል። ከዚያ ዝም ይላል። ዝምታው ውሎ ያድራል።

እኔ አጣዬ ሳለሁ ለጉርሻ ያህል የምነግደውን ቅመም አሁን ቤቱን ይዤበታለሁ። ጠዋት እወጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ፣ የማገኘው ያንኑ ሰው በዚያው ወንበር ላይ ነው። ሐዘኑ ገብቶኛል። እኔም ግን ቤቴ ነው የተቃጠለው። እኔም የማዝንበት ጊዜ ቢሰጠኝ ደስ ባለኝ።

አንድ ሰሞን "አጣዬ ሄጄ የተረፈ ነገር ካለ ልይ" አለ። አልጋችንን አንዲት ጎረቤት አትርፋልናለች የሚል ወሬ ሰምተን ነበር። መሬት ላይ ከመተኛት ወገቤ ተቆርጦ ስለነበር ደስ አለኝ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ሊጭን ወደ ሮቢት የሚመጣ ጭነት መኪና ደጃችን ቆመ። ባለቤቴ ከጋቢናው ወረደ። ከኋላ ተጭኖ ያየሁት አልጋ አልነበረም። መስታወት የሌላት፣ ጎማ የሌላት፣ ቀለሟ ተልጦ ዝገት የለበሰች ትንሽ የጣሊያን መኪና ናት። በዕድሜ ከትዳራችን ትበልጣለች። ከአንድ ሹም ባልቴት ገዝቷት፣ አድሳታለሁ እያለ ጋራዡ ጥግ ያስቀመጣት ነበረች።

"አልጋውስ?" አልኩት።

"አልጋው የለም። እሷ ግን አለች።"

ሞተሯን ከቃጠሎው በፊት አውርዶ ከመኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጧት ኖሮ እሳቱ በላይዋ አልፏል። ያንን እየነገረኝ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ካየሁ ቆይቼ ስለነበር ስለ አልጋው ሁለተኛ አላነሳሁበትም።

የቤት አከራያችን፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴትዮ፣ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ስትራገፍ ወገባቸውን ይዘው ቆመው አዩ። "ያከራየኋችሁ ቤት እንጂ ጋራዥ አይደለም" አሉ። "ትንሽ ጊዜ ነው እትዬ" አልኳቸው። በሳምንቱ አንዲት ዶሯቸው የኋላ ወንበር በነበረበት ቦታ ዕንቁላል ጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ተዉት።

ባለቤቴ መኪናዋን እንደ ድሮዋ ለማድረግ አልነበረም ሐሳቡ። ስልኩ ላይ ፈረንጆች አሮጌ መኪና ቆራርጠው፣ ኮፈኑን ጥለው፣ ሞተሩን ራቁቱን አድርገው ሲያስጋልቡ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲያይ ከርሟል። ለእኔም አሳየኝ።

"ኮፈኑ የታለ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"የለውም። ሞተሩ እንዲታይ ነው። አየሽ፣ ከውጭ የድሮ መኪና ነው፣ አዲሱን ጥሎት ይሄዳል። አካሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ውስጡ ነው።"

"የእኛስ?"

"የእኛንም እናደርጋታለን።"

"እናደርጋታለን" ያለው ነገር ያኔ አልገባኝም። እሱ ሲሠራ እኔ ሻይ የማቀርብ መስሎኝ ነበር።

ቢዬላዎቹ ሲመዘኑ ሁለቱ ከሌሎቹ ከበዱ። አንዱ በሰባት ግራም ይበልጥ ነበር። ሰባት ግራም ኮረሪማ ምን ያህል እንደሆነ ስለማውቅ ልዩነቱ ሳቅ አስመጣብኝ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሞተር በፍጥነት ሲዞር ያቺ ሰባት ግራም መዶሻ ትሆናለች አለኝ። ከባዶቹ ተሞርደው ከቀላሉ ጋር እኩል መሆን አለባቸው። በግራ እጁ ሞክሮ ሞረዱ ሲንሸራተት፣ ሲነሳ፣ እንደገና ሲንሸራተት የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያስነክሳል። ሁለት ቀን ታገስኩ። በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ፣ "አምጣ ወዲህ" አልኩና ከእጁ ተቀበልኩት። ከፍቅር አልነበረም። ድምፁ ስለሰለቸኝ ነው።

እሱ በከሰል ያሰምርልኛል፤ "ከዚህ መልስ፣ ከዚህ አትለፊ። ቀጭኑን ወገቡን አትንኪው፣ ከጎንና ከታች ብቻ።" እኔ እሞርዳለሁ፣ እንመዝናለን፣ እንደገና እሞርዳለሁ። አራቱ እኩል ለመሆን ሦስት ሳምንት ፈጁ። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትከርር። ከዚያ እጄን በአመድ ታጥቤ ገበያ።

"እጅሽ ምን ሆነ?" አለችኝ አንዲት ደንበኛዬ ጥፍሬን አይታ።

"ኑግ ስወቅጥ ነው" አልኳት። ውሸት ለማሳመር እንኳን ጉልበት አልነበረኝም።

ቢዬላው ሲያልቅ ያረፍኩ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቴስታታውን አመጣ። ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፤ አየርና ቤንዚን የሚገቡበት፣ ጭሱ የሚወጣበት ጠባብ ጠባብ ዋሻዎች አሉት። ፋብሪካው ከድሮም ሸካራ አድርጎ ነው የተዋቸው። እነሱን ማስፋትና ማለስለስ ነው ሥራው።

"ሞተር ጉልበቱ ከትንፋሹ ነው" አለኝ። "አፍንጫው የታፈነ ሰው ዳገት ይወጣል?"

"እኔ አፍንጫዬ ሳይታፈንም ዳገት አልወጣም።"

ጣቴ ቀጭን ስለሆነ እሱ ደኅና በነበረበት ጊዜ እንኳ የማይደርስበት ድረስ ይገባል። ዓይን አያየውም፤ በጣት ነው የሚነበበው። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ይጠይቀኛል፤ "ጣትሽ ምን ይላል?"

"ግራ በኩል እብጠት አለ።"

"አውጪው።"

"አሁንስ?"

"አሁን ቀስ። በብርጭቆ ወረቀት ብቻ።"

እንደዚያ እያልን ወራት ሄዱ። ትዳራችን ውስጥ ያን ያህል ያወራንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። የምናወራው ግን ስለ ዋሻ ብቻ ነበር። ስለ ቤታችን፣ ስለዚያ ቀን፣ ስለ እጁ አንድም ቃል አናነሳም። ክንዴ ሌሊት ይደነዝዛል። አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን ስትደውል "እማዬ፣ አባባ እሺ አብዷል፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?" ትለኛለች። ስልኩን ለአባቷ እሰጠዋለሁ።

ሁዳዴ ገባ። ለቆላ ሰው የዚያ ወቅት ፀሐይ ራሱን የቻለ ጾም ነው። አንድ ቀን ገበያ ቆሜ ውዬ፣ እህል ሳልቀምስ፣ ውኃ ብቻ ተጎንጭቼ ከማንጎው ሥር ተቀመጥኩና ሞረዱን አነሳሁ። ሦስተኛው ዋሻ ውስጥ አንዲት ጉብታ ነበረች። ልጨርሳትና ልተኛ ብዬ ገፋሁ። ሞረዱ ድንገት ቀለለኝ። ጣቴን ስሰድ ምስር የምታህል ቀዳዳ አገኘሁ። ግድግዳውን በስቼ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ የሚያልፍበት መስመር ውስጥ ገብቻለሁ።

ጣቴን እዚያው እንዳደረግሁ ቆየሁ። ባለቤቴ ፊቴን አይቶ መጣና ቴስታታውን ወደ ብርሃን አዞረው።

"ሦስተኛው ላይ ስስ ነው ብዬሽ ነበር" አለ።

"ብለኸኝ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነው የዋልኩት! እህል በአፌ አልዞረም! ስስ ከሆነ ራስህ አትሞርደውም?"

"ራስህ" ያልኩትን ቃል ልመልሰው ብል የማይመለስ ሆነ። እሱ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተና ወደ በረንዳው፣ ወደ ወንበሩ ሄደ። እስከ ፋሲካ ድረስ ስለ መኪናዋ አልተነጋገርንም። ቴስታታው ማዳበሪያ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ዕረፍት አገኘሁ፤ ተኛሁም። ግን ስመለስ ያ ዝምታ እንደ ድሮው ይጠብቀኛል፤ እኔም ከሥራው ይልቅ ዝምታው የበለጠ እንደሚያደክመኝ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሽንኩርትና ማሾ ከሚለማበት መስክ አጠገብ፣ የገበሬዎችን የውኃ ፓምፕ የሚጠግኑ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ አሉ። እርድ ከእኔ ነው የሚወስዱት። ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ቀን ለባለቤቴ ሳልነግር ቴስታታውን በማዳበሪያ ጠቅልዬ በባጃጅ ወሰድኩላቸው።

"ጋሼ፣ ይኼ ይደፈናል?"

መነጽራቸውን አጥልቀው አገላበጡት። ትንሿን ጣታቸውን ወደ ዋሻዎቹ እየሰደዱ ብዙ ቆዩ።

"ይኼን ማነው በእጁ የሞረደው?"

"እኔ ነኝ።"

"ማሻአላህ! ቀዳዳውንስ?"

"ቀዳዳውንም እኔው ነኝ።"

ከት ብለው ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። "የፓምፕ ሆድ ሲሰነጠቅ የምደፍነው እንዲሁ ነው፣ ብረቱ አንድ ዓይነት ነው" አሉኝ። "ግን ቀዝቃዛውን በእሳት ከመታሁት ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ሁለንተናው ከሰል ላይ ቀስ ብሎ ይሙቅ።" ከሰሉን አያይዘው ቴስታታውን አስቀመጡበትና "እሱ እስኪሞቅ እኔ ሰላቴን ልስገድ" ብለው ሄዱ። ተመልሰው ከአሮጌ የፓምፕ ፒስተን ቁራጭ እያቀለጡ ቀዳዳዬን ደፈኑት። ሲጨርሱ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሳት የነካው ብረት ፊቱ ይጣመማል እህቴ። በማሽን መላጥ አለበት። እሱ ደግሞ እዚህ የለም፣ ደጋ መውጣት አለብሽ።"

የዚያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ቴስታታውን ተቀብሎ የተደፈነውን ቦታ በግራ አውራ ጣቱ ሲያሻሸው ቆየ። "ፓምፕ ጠጋኙ ዘንድ ሄድሽ?" አለ። "ሄድኩ።" "ብቻሽን?" "ብቻዬን።" ከዚያ ከሰል ፈልጎ ግድግዳው ላይ ይሥልልኝ ጀመር። ማሽኑ ሲልጠው እስኪስተካከል ብቻ ሳይሆን ከዚያ በላይ አንድ ሚሊ ሜትር እንዲወስድ፤ ያኔ ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ክፍል ይጠብባል፣ የታፈነው እሳት በኃይል ይገፋል። ከዚያ በላይ ከወሰደ ግን ዋሻዎቹን የሚከፍትና የሚዘጋው ባልቦላ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

ደብረ ብርሃን የሄድኩት ቴስታታውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲጀምር ላቤ ደረቀ፤ ደብረ ሲና ስንደርስ ጉም ውስጥ ገባን፣ ጆሮዬ ተደፈነ፣ በነጠላዬ ተጠቅልዬ ተንቀጠቀጥኩ። የማሽን ቤቱ ሰው ዕቃውን ተቀብሎ፣

"ስንት ይላጥ?" አለኝ።

"ፊቱ እስኪስተካከል። ከዚያ በላይ አንድ ሚሊ።"

"ትርፉ ለምን ይሆናል?"

"እንዲታፈን ነው። ለጉልበት።"

ቀና ብሎ አየኝ። "መካኒኩ ማነው?"

"ባለቤቴ ነው።"

እሱም እንደ ፓምፕ ጠጋኙ ጣቱን በዋሻዎቹ ሰደደ። ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ አለ። "እጁ ጥሩ ነው" አለኝ።

ላርመው አልኩና ተውኩት። ደክሞኝ ነበር። ደግሞም ፈጽሞ ሐሰት አልመሰለኝም። ማታ ስመለስ ለባለቤቴ እንደወረደ ነገርኩት፤ "የመካኒኩ እጅ ጥሩ ነው አለኝ ሰውየው።" እሱ የተኮማተረ መዳፉን ገልብጦ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሳቀ። ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። ከአጣዬ ከወጣን ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሞተሯ ከተገጠመች፣ አሮጌ ጎማና የፊት መስታወትም ካገኘንላት በኋላ የጭስ መውጫውን እንደ ቪዲዮዎቹ አደረገው፤ ድምፅ ማፈኛ የሌለው፣ ከሞተሩ ወጥቶ በጎን የሚሄድ ባዶ ቧንቧ። "እንድትጮህ ነው የምፈልገው" አለኝ። ልናስነሳት የሞከርነው ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ቤንዚን ስለጠፋ ከአንድ ባጃጅ ነጂ ለምነን ትንሽ ቀዳን። ፓምፕ ጠጋኙም ሊያዩ መጥተው ማንጎው ሥር ቆመዋል። እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ ቁልፉን እንዳዞር ታዘዝኩ።

አዞርኩ። ዞረች፣ አልተነሳችም። ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ ያልተቃጠለው ቤንዚን ቧንቧው ውስጥ ተጠራቅሞ ኖሮ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ጧ! ወዲያው እንደገና፣ ጧ! ጧ!

ቀጥሎ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ከመኪናዋ ውጭ፣ ጎማው ሥር ተደፍቼ ነው። የሱቆች የቆርቆሮ በር እየተጎተተ ሲዘጋ ይሰማኛል። ሴት ትጮኻለች። ከአጥራችን ውጭ ሰው በገፍ ወደ ወንዙ ይሮጣል፤ የሩጫውን ድምፅ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ሞተሩ ላይ እንደተደገፈ ደርቆ ቀርቷል። ከኛ ሁሉ ቀድመው ልብ የገዙት ፓምፕ ጠጋኙ ናቸው። በሩን በርግደው መንገዱ ላይ ወጡና ሁለት እጃቸውን እያወዛወዙ "መኪና ነው! ወላሂ መኪና ነው! ተመለሱ!" እያሉ ጮኹ።

ሚሊሻዎች መጡ። መሣሪያቸውን ደግነው ገብተው ራቁቷን ሞተር ሲያዩ አንዱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ውኃ ለመነኝ።  አከራያችን ከአልጋ ሥር ወጡ፤ ጉልበታቸው ተልጦ ደምቷል። ሊጮኹብን ይገባ ነበር፣ አልጮኹም። "እኔ እኮ እንደገና መስሎኝ" ብቻ ነው ያሉት።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችን በየቤቱ እየዞርን ይቅርታ ጠየቅን። የሳቀም ነበር፣ በሩን የዘጋብንም ነበር። ከእኛ ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር አንዲት እናት ግን ፍንዳታውን ስትሰማ ሕፃኗን ታቅፋ ሮጣ፣ የአራት ዓመቷን ልጅ ቤት ውስጥ ረስታት ኖሯል። ልጅቱ ምንም አልሆነችም፤ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነው ያገኘቻት። እናትየዋ ግን ማልቀስ ማቆም አልቻለችም። "ረሳኋት እኮ፣ ልጄን ረሳኋት" ትላለች። አጠገቧ ተቀመጥን። ቆይታ ባለቤቴን ቀና ብላ አየችው።

"አንተ ከአጣዬ የመጣህ አይደለህም እንዴ?"

"ነኝ።"

"ታዲያ እንዴት አላወቅህም?"

 ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመና "እውነቷን ነው። እንዴት አላወቅሁም?" አለኝ። እኔም አላወቅሁም ነበር። ድፍን ዓመት ጣቴን እዚያ ብረት ውስጥ ከትቼ ስሞርደው፣ ሲነሳ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ አንድም ቀን አላሰብኩም።

በማግሥቱ "ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ እሰጣታለሁ" አለ።

"አትሰጣትም።"

"ለምን? ደክሞኛል አላልሽም?"

"ደክሞኛል። የደከመኝ ደግሞ ለቁርጥራጭ ብረት አይደለም።"

ክርክሩን ለመቀጠል አቅም የነበረው ከሁለታችን ማንም አልነበረም። በሳምንቱ ፓምፕ ጠጋኙ ሳይጠሩ መጡ። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የብረት ቱቦ ይዘው ነበር። ትንሹን በሳስተው ትልቁ ውስጥ ከተቱት፣ መሐሉን በብረት ክር ጠቀጠቁት፣ ጫፍና ጫፉን በየዱት። ድምፅ ማፈኛ ሆነ። ባለቤቴ ትንሽ ጉልበት ይሰርቅባታል ብሎ አጉረመረመ፣ ሆኖም ገጠመው። እሳቱ የሚለኮስበትንም ጊዜ ሁለቱ ተጋግዘው አስተካከሉት፤ አንዱ በጆሮ፣ አንዱ በእጅ።

ከዚያ እንደገና በየቤቱ ዞርን። "ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሞተር እናስነሳለን፣ እንዳትደነግጡ" አልን። በማግሥቱ ያቺ እናት ልጇን በእጇ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። እንግባ አላለችም፣ እኛም ግቢ ማለት አልደፈርንም። ቁልፉን አዞርኩ። በሁለተኛው ተነሳች። ድምፁ ወፍራም ነበር፣ ዝቅ ያለ። እናትየዋ እስኪበቃት ሰማችና ልጇን ይዛ ሄደች።

ለመንዳት ሌላ ጣጣ ነበረብን። የማርሽ መለወጫው ከመሪው ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ የባለቤቴ ቀኝ እጅ ደግሞ እሱን ጎትቶ አያስገባም። ስለዚህ እሱ መሪና ፍሪሲዮን፣ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ማርሽ። እሱ "ሁለት!" ሲል እኔ እስባለሁ። "ሦስት!" ሲል እገፋለሁ። በመጀመሪያው ቀን በግቢያችንና በዋናው መንገድ መካከል አምስት ጊዜ አጠፋናት፤ አከራያችን ደጃፉ ላይ ቆመው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሲስቁ አየኋቸው።

አንድ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ወጣን። የፊት መስታወት እንጂ የጎን የላትም፤ ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ይታገላል። ሜዳው ላይ "አራት!" አለኝ፣ አስገባሁ። ያኔ ነው ዘላ የሄደችው። ወንበሩ ከኋላዬ ገፋኝ። አንድ አውቶቡስ አልፈን ስንሄድ ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አወጣ። ባለቤቴን ዞር ብዬ አየሁት። አልሳቀም፣ አልጮኸም። ከንፈሩን ነክሶ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። እኔም አዳመጥኩ። ሦስተኛው ዋሻ፣ የደፈንነው፣ ከሌሎቹ ሳይለይ ይተነፍሳል። ደስ አለኝ ብል ቃሉ ይበዛል። በጣም የከበደ ነገር ተሸክሞ የቆየ ሰው ሲያስቀምጠው ክንዱ እንደሚንሳፈፈው ዓይነት ነገር ነው የተሰማኝ።

ዳገቱን ሳትፈላ ወጣችው። ደብረ ሲና መንገድ ዳር ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ብርድ ነበር። እሱ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ መኪናዋን ያያል፤ ሰው ከቧት ፎቶ ያነሳታል።

"አሁንስ?" አለኝ።

"አሁን ምን?"

"አለቀች እኮ። ከእንግዲህ ምን ልሥራ?"

ድንገት ያረጀ መሰለኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ የሚፈራው ማለቋን ኖሯል። ሌላ ሰው ቢሆን የሚያጽናና ነገር ይፈልግለት ይሆናል።

"እኔ እንጃ" አልኩት። "እኔ መተኛት ነው የምፈልገው።"

"ተኚ" አለኝ።

ስንመለስ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ "ሁለት" አለኝ፣ አስገባሁለት። ሌላ የማስታውሰው የለም። ስነቃ ሙቀቱ ተመልሶ፣ ነጠላዬ ፊቴ ላይ ተደርጎልኝ፣ መኪናዋ ማንጎው ሥር ቆማ ነው ያገኘሁት። ያን ሁሉ ቁልቁለትና ከሥሩ ያለውን ሜዳ በሁለተኛ ማርሽ ብቻ፣ ባጃጅ እየቀደመው፣ እስከ ቤት ነድቷት ኖሯል።

"ለምን አልቀሰቀስከኝም?"

"አላስፈለገም" አለኝ።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ፓምፕ ጠጋኙ ዘንድ ይውላል። እሱ ያያል፣ ያዳምጣል፣ እሳቸው ያጠብቃሉ። በግራ እጁ መጻፍ ስለለመደ የገበሬዎቹን የፓምፕ ብልሽት በደብተር ይመዘግባል። እኔ ሁለተኛ ሞረድ አላነሳሁም። አንዳንድ ሹፌር ወሬውን ሰምቶ "ቴስታታ ትሞርጃለሽ አሉ" እያለ ይመጣል፤ አንጓዬ ያመኛል ብዬ እመልሰዋለሁ፣ እውነትም ያመኛል። እሑድ እሑድ ወደ ሰንበቴ ከተማ ገበያ እንሄዳለን። የኋላ ወንበር ስለሌላት በርበሬና እርድ በጆንያ ትችላለች። ጭነት ስላለባት አንጋልባትም። ሞተሯ ደኅና ነች። ዘይት ትንሽ ትበላለች።